ከ49 እስከ 60፦ በየትኛውም ዝርዝር ላይ የሌሉ እናቶች

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት (ኤፍዲኤ) ኖቬምበር 10 ቀን 2025 አንድ ውሳኔ አስታወቀ። የወር አበባቸው ለቆመ ሴቶች በሚሰጡ የሆርሞን መድኃኒቶች ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ታትሞ የኖረው፣ በጥቁር ሳጥን የተከበበው ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲነሳ አምራቾቹን ጠየቀ። ማስጠንቀቂያው ስለ ልብ በሽታ፣ ስለ ጡት ካንሰርና ስለ መርሳት በሽታ የሚያወራ ነበር።

ዜናው እዚህ ካኩማ በቴሌግራምና በቲክቶክ ደረሰን። እንደተለመደው ሁለት መልክ ይዞ ነው የመጣው። አንደኛው «ለካ ሲያስፈራሩን የኖሩት በውሸት ነው፣ መድኃኒቱ ምንም አያደርግም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ኩባንያዎቹ ገበያ ፈልገው ነው» ይላል። እኔ ጠዋት ልጆችን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እናቶችን ማንበብና መጻፍ አስተምራለሁ። ከእናቶቹ አንዷ ቪዲዮውን አሳዩኝና «ልጄ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው? ደግሞስ ለኛ ይመጣል?» አሉኝ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ መመለስ አያስቸግርም፤ ከታች እመለስበታለሁ። የከበደኝ ሁለተኛው ነው። ካምፕ ውስጥ ላለች ሴት መድኃኒቱ አደገኛ መሆን አለመሆኑ ብቻ አይደለም ነገሩ። ሃምሳ ዓመት የሞላት ሴት በየትኛውም የእርዳታ ዝርዝር ላይ በራሷ ዕድሜ ተቆጥራ አትገኝም። ያልተቆጠረ ደግሞ አይታከምም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ማረጥ፣ ስለ ብልት መድረቅና ስለ ሽንት ማቃጠል በግልጽ እጽፋለሁ። የሚያሳፍር ከመሰላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡና ያን ጊዜ ፍረዱ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው?

አንዲት ሴት እርግዝና፣ ሕመም ወይም መድኃኒት ሳይኖር የወር አበባዋ ለ12 ተከታታይ ወራት ካልመጣ አርጣለች ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አብዛኞቹ ሴቶች የሚያርጡት ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ማረጥ በሽታ አይደለም። እንቁላል የሚያመርተው የሰውነት ክፍል ሥራውን ሲጨርስ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን በጣም ይቀንሳል፣ ነገሩ ይሄው ነው።

ኤስትሮጅን ግን የሚያስፈልገው ለመውለድ ብቻ አይደለም። የብልትን ግድግዳ ወፍራም፣ እርጥብና የሚለጠጥ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። በተጨማሪም በግድግዳው ውስጥ ስኳር መሰል ምግብ እንዲከማች ያደርጋል። ላክቶባሲለስ የሚባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ያንን እየተመገቡ አሲድ ይሠራሉ፤ አሲዱ ደግሞ መጥፎዎቹን ባክቴሪያዎች ያባርራል። የአሲድ መለኪያው ፒኤች ይባላል፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በረታ ማለት ነው። በወጣት ሴት ብልት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ4.5 በታች ነው። ካረጠች በኋላ ብዙ ጊዜ ከ5 በላይ ይሆናል። ዘበኛው ከበሩ ተነሳ እንደማለት ነው።

እናቶች ይህንኑ በራሳቸው ቃል ነው የሚነግሩኝ። «ይደርቀኛል።» «እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥለኛል።» «ሽንቴ መጣ ካለ አያስጠብቀኝም።» «ከባለቤቴ ጋር መተኛት ፈተና ሆነብኝ።» ሐኪሞች እነዚህን ምልክቶች ሰብስበው በ2014 አንድ ስም ሰጥተዋቸዋል፤ በአማርኛ ከማረጥ ጋር የሚመጣ የብልትና የሽንት መንገድ ችግር ብንለው ይቀርባል። ብልትና የሽንት ቧንቧ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሁለቱም ኤስትሮጅን ይፈልጋሉ፤ አንዱ ሲሳሳ ሌላውም ይሳሳል። በሕይወቷ የሽንት ኢንፌክሽን ይዟት የማያውቅ ሴት ከሃምሳ በኋላ እየደጋገመ የሚይዛት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ልዩነት ልብ በሉ። ቦግ እያለ የሚመጣው ሙቀትና የሌሊት ላብ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። የብልት መድረቅ ግን ካልታከመ በራሱ አይለቅም፤ እንዲያውም ከዕድሜ ጋር ይብሳል። «ታገሺ፣ ያልፋል» የምንለው ምክር ለላቡ ይሠራ ይሆናል፤ ለዚህኛው አይሠራም። በሃምሳ ዓመቷ ያረጠች ሴት ደግሞ ገና ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ልትኖር ትችላለች።

ሌላም የሚያብሰው ነገር አለ። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል። የግርዛት ጠባሳ እንደ ጤነኛ ቆዳ አይለጠጥም። ያ ጠባሳ ላይ ድርቀት ሲጨመርበት ሕመሙ እጥፍ ይሆናል። እናቶቻችን ይህን ሁለቱንም ተሸክመው ነው ድንበር የተሻገሩት።

ቪዲዮው ምን ያህሉ እውነት ነው?

ማስጠንቀቂያው የመጣው ከአንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ነው። «የሴቶች ጤና ኢኒሼቲቭ» ይባላል። በ2002 ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የተቀላቀሉበትን ክኒን የሚውጡ ሴቶች የጡት ካንሰር፣ ስትሮክና የደም መርጋት በዝቶባቸው በመታየቱ የጥናቱ ይህ ክፍል ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ። የሴቶቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ ብዙዎቹ ካረጡ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ማስጠንቀቂያው ኤስትሮጅን ባለባቸው መድኃኒቶች ሁሉ ላይ ተለጠፈ፤ በሚዋጠውም፣ በብልት ውስጥ በሚደረገውም።

እነዚህ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። የሚዋጠው በደም አድርጎ መላ ሰውነትን ይዞራል። በብልት ውስጥ የሚደረገው አነስተኛ መጠን ያለው ክሬም ወይም ክኒን የሚሠራው እዚያው ነው፤ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው። ጥናቱ የፈተነው የሚዋጠውን ነበር። ብዙ የሴቶች ሐኪሞች ያ ማስጠንቀቂያ ከብልት ክሬም ላይ ይነሳ እያሉ ለዓመታት ሲጠይቁ የኖሩት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለጠየቁኝ እናት የሰጠኋቸው መልስ ይሄ ነው። ለብልት ድርቀት በዚያው በቦታው የሚደረገው አነስተኛ መጠን ያለው ኤስትሮጅን ሲፈራ የኖረውን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። የሚዋጠው ግን አሁንም የሴቲቱን ዕድሜና የጤና ታሪክ ባየ ሐኪም ብቻ የሚታዘዝ ነው። ማህፀኗ ያለ ሴት ኤስትሮጅን ብቻውን ብትውጥ የማህፀን ካንሰር ሊያመጣባት ይችላል የሚለው ማስጠንቀቂያ አሁንም አልተነሳም። የጡት ካንሰር ያለባት ወይም የነበረባት ሴት ክሬሙንም ቢሆን ሐኪሟን ሳታማክር አትጀምርም። ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳትም እንደዚሁ መጀመሪያ መመርመር አለባት። «ኤፍዲኤ ፈቀደ» ተብሎ ከገበያ ኪዮስክ የሚገዛ ነገር አይደለም።

ቁጥሮቹ የሚሠሩት ሥራ

«ለኛ ይመጣል?» ወደሚለው ልመለስ። እኔ ሄጄ በጠየቅኩባቸው ሁለት የካምፕ ክሊኒኮች ክሬሙ የለም። ነርሶቹም ክፉ ሆነው አይደለም፤ «በዝርዝራችን ላይ የለም» ነው ያሉኝ። ዝርዝሩ ከየት ይመጣል የሚለውን ማየት ጀመርኩ።

ሰው ሲፈናቀል በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሰጠት ያለበት የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት በዓለም አቀፍ ደረጃ ተዘርዝሯል፤ ሚስፕ ይሉታል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ አለ፣ በ2018ም ታድሷል። የጾታ ጥቃትን መከላከል፣ ኤችአይቪንና ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን መግታት፣ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን ሞት መቀነስ፣ ያልታሰበ እርግዝናን መከላከል ዋና ዋናዎቹ ዓላማዎቹ ናቸው። በዚህ ጥቅል ስንት እናትና ሕፃን ተርፏል፤ ማንም ሊያጣጥለው አይገባም። ከዓላማዎቹ መካከል ግን ማረጥ የለም።

ቆጠራውም እንደዚያው ነው። በየአገሩ የሚደረጉት የሕዝብና ጤና ጥናቶች፣ የኢትዮጵያውም ጭምር፣ ሴቶችን የሚጠይቁት ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ነው። ይህ ዕድሜ «የመውለጃ ዕድሜ» ይባላል። ወሊድን ለመቁጠር ታስቦ የተሠመረ መሥመር ነበር፤ እየቆየ ግን አገልግሎትም የሚቆምበት ድንበር ሆነ። ሞዴስ የሚታደለውም «በመውለጃ ዕድሜ ላሉ» ተብሎ ነው።

የዩኤንኤችሲአርን የሕዝብ ቁጥር ሠንጠረዥ ደግሞ ተመልከቱ። ከ0 እስከ 4፣ ከ5 እስከ 11፣ ከ12 እስከ 17፣ ከ18 እስከ 59፣ 60 እና ከዚያ በላይ ብሎ ነው የሚከፍለው። የ52 ዓመቷ እናት ከ19 ዓመቷ ልጅ ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ ናት። «አረጋውያን» የሚለው ድጋፍ የሚጀምረው ከ60 ነው። እንግዲህ ደምሩት፦ በ49 ከሴቶች ጤና ወጣች፣ በ60 ወደ አረጋውያን ትገባለች። በመሐል ያሉትን ዓመታት ማንም በስማቸው አይጠራቸውም። ብዙ ሴቶች አርጠው ምልክቶቹ የሚጠነክሩባቸው ዓመታት ደግሞ እነዚሁ ናቸው።

እውቀቱ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። የእርዳታ ድርጅቶች ሁሉ የሚያውቁት ስፊር የሚባለው መመሪያ በ2018 እትሙ ላይ የወር አበባ ንጽህናንና ሽንት መቋጠር አለመቻልን በአንድ መሥፈርት ሥር ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። ሽንት የሚያመልጠው ሰው የሚመጥ ጨርቅ ወይም ፓድ፣ ተጨማሪ ሳሙናና ተጨማሪ ውሃ እንደሚያስፈልገው ይናገራል። መጸዳጃ ቤትም ከመኖሪያ ከ50 ሜትር በላይ መራቅ የለበትም ይላል። ወረቀቱ ላይ አለ። እደላው ጠረጴዛ ጋ ሲደርስ ግን «እማማ፣ ሞዴስ ለርስዎ ምን ያደርግልዎታል?» ተብለው የተመለሱ እናቶች ክፍሌ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ገንዘቡ ሲቀንስ

ይህ ሁሉ የነበረ ችግር ነው። 2025 ደግሞ ያለውንም አሳጣ። በጃንዋሪ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታን አገደ፣ በጁላይ 1 ዩኤስኤይድ ሥራውን አቆመ። ለሥነ ተዋልዶ ጤና የሚሠራው የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድም የአሜሪካን ገንዘብ አጣ። ዩኤንኤችሲአር ወደ 3,500 የሚጠጉ የሥራ ቦታዎችን ማጠፉን ተናገረ። እዚህ ኬንያ በዓመቱ አጋማሽ የምግብ ራሽን ከሙሉው መጠን ከሲሶ በታች ወረደ፤ ከኦገስት ጀምሮ ደግሞ ቤተሰቦች በአራት ምድብ ተከፍለው የሚያገኙት እንደየምድባቸው ሆነ። ይህን ለናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ከብልት ጤና ጋር ምን አገናኘው? ቀጥታ ነው የሚገናኘው። ራሽን ሲቀንስ መጀመሪያ የሚሸጠው ሳሙና ነው። የውሃ ሰልፍ ሲረዝም ለመታጠቢያ የሚተርፍ የለም። ሌሊት መጸዳጃ ቤት መሄድ የሚያስፈራት ሴት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ውሃ መጠጣት ታቆማለች፤ ቱርካና ደግሞ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ ነው። ውሃ ያልጠጣና ሽንቱን የቋጠረ ሰው ለሽንት ኢንፌክሽን ይጋለጣል፤ ያረጠች ሴት ደግሞ ከማንም በላይ ትጋለጣለች። ክሊኒክ ስትሄድ ሠራተኛው ቀንሷል፣ የሽንት ምርመራው አልቋል። የምትሰጣት አንቲባዮቲክ ናት። ከሁለት ወር በኋላ ያው። በየጊዜው ያለ ምርመራ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያዎቹን መድኃኒት ያስለምዳቸዋል። በብልት የሚደረገው ኤስትሮጅን ግን ካረጡ በኋላ የሚደጋገመውን የሽንት ኢንፌክሽን እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። እንዲህ ስናሰላው የማይገዛው ክሬም ቁጠባ አይደለም።

የክሊኒኩ ክፍል ውስጥ

የቋንቋውን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ክሊኒኩ ውስጥ የሚነገረው ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ነው። አስተርጓሚ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ወጣት ወንድ ነው፤ ያውም የሰፈር ልጅ። የሃምሳ አምስት ዓመት እናት ልጃቸው በሚያክል ጎረምሳ አፍ «ብልቴ ደረቀ» አይሉም። «ሆዴን አመመኝ» ብለው ይመለሳሉ። እናቶቹ እኔን መለመን የጀመሩት ለዚህ ነው፤ የተወሰኑ ጊዜያት አብሬያቸው ገብቻለሁ።

በአካባቢያችን ብዙ ጤና ጣቢያዎች የአባላዘር በሽታን የሚያክሙት በላቦራቶሪ ሳይሆን በምልክት ነው። ማሳከክ፣ ማቃጠልና ፈሳሽ ካለ ክኒን ይሰጣል፣ ባል እንዲመጣ ይነገራል። ላቦራቶሪ በሌለበት ይህ አሠራር ብዙ ሰው አድኗል። ያረጠች ሴት ድርቀት ግን በምልክት ሲታይ ከዚያው ጋር ይመሳሰላል። አንዲት የማውቃቸው እናት ሦስት ጊዜ የአባላዘር መድኃኒት ተሰጣቸው፣ ሦስት ጊዜም «ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ» ተባሉ። ባለቤታቸው «ከማን አመጣሽው?» አሉ። በዚያች በአንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ሁለት ወር ተኮራርፈው ኖሩ። በመጨረሻ አንዲት ነርስ አስተኝታ በወጉ አየቻቸውና «እናቴ፣ በሽታ የለብዎትም፤ ድርቀት ነው፤ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው» አለቻቸው። እናትየው ይህንን ቃል ሁለተኛ እንድተረጉምላቸው ጠየቁኝ፤ ከዚያ ባለቤታቸው ፊት ሦስተኛ ጊዜ አስደገሙኝ።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ትዳር የፈረሰባቸውም አሉ። ሴቲቱ ሲያማት ትሸሻለች፣ ባል ጠላችኝ ይላል፣ ማንም የማያውቀው ነገር ነው የሚያጣላቸው። ሽንቴ ያመልጠኛል ብለው ቤተ ክርስቲያን መሄድ የተዉ እናቶችም አሉ። መስጊድ የቀሩም አሉ፤ የእስልምና ሕግ ግን ሽንት መቋጠር ላቃተው ሰው ለየሶላቱ ውዱእ እያደረገ እንዲሰግድ ይፈቅድለታል። ካህናትም ሼሆችም በዚህ ጉዳይ አንዲት ቃል ቢናገሩ ከስንት ፖስተር ይበልጥ ነበር።

ክሬሙ እስኪመጣ

መድኃኒቱ የለም ማለት የምናደርገው የለም ማለት አይደለም።

ብልትን ከውጭ በንጹሕ ውሃ ብቻ ማጠብ በቂ ነው። ሳሙና፣ ዴቶል፣ ጨው፣ ሎሚ ወደ ውስጥ አይገባም፤ የቀረውን ጥቂት ጠቃሚ ባክቴሪያ ይጨርሱታል፣ የሳሳውን ቆዳ ያቆስሉታል። ወይባ መሞቅ ለሰውነት ደስ ይላል፤ የብልት ድርቀትን ግን አይመልስም፣ ጭሱና ሙቀቱም በሳሳ ቆዳ ላይ ይብሳል።

ለግንኙነት በውሃ የተሠራ ማለስለሻ አለ። ኮንዶም የሚታደልባቸው ክሊኒኮች አንዳንዴ አብረው ይሰጡታልና ጠይቁ። ቫዝሊን አይመከርም፤ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል፣ ኮንዶምንም ይቀዳል። ኮንዶም ካልኩ ዘንድ፣ እርግዝና ቀረ ማለት ኤችአይቪ ቀረ ማለት አይደለም። የሳሳ ግድግዳ ቶሎ ይላጣል፣ የተላጠ ደግሞ ለቫይረሱ በር ነው።

ሽንት የሚያመልጣት ሴት ሽንት እንደሚቋጥር ሰው የታችኛውን ጡንቻ ጭብጥ አድርጋ አምስት ቆጥራ ትልቀቅ፤ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ቁጭ ብላ ቡና እያፈላችም ይሆናል። ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነውና አትሰልቹ። የጨርቅ ፓድ ከአሮጌ ነጠላ መስፋት ይቻላል፤ ዋናው በደንብ ታጥቦ ፀሐይ ላይ መድረቁ ነው። ውሃ ቀን ቀን በደንብ ጠጡ፤ ሌሊት መጸዳጃ ቤት ከጎረቤት ጋር ተጠራርታችሁ ውጡ። ማሳከክና የሽንት መመላለስ ከጥማት ጋር ከመጣ ስኳር ይታይ፤ ስኳር በሽታም እንዲህ ያደርጋል።

ባሎችም አንብቡ። ሚስትህ ብትሸሽ ስላመማት ሊሆን ይችላል። ቀስ በል፣ ጠይቃት፣ ክሊኒክ አብረሃት ሂድ።

ቀን የማይሰጡ ምልክቶች

እነዚህ ግን «ከዕድሜ ነው» ተብለው አይታለፉም። ወር አበባ ከቆመ 12 ወር ካለፈ በኋላ የታየ ማንኛውም ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ የማህፀን ወይም የማህፀን በር ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላልና መመርመር አለበት። የሚሸት ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ የማይድን ቁስል ወይም የሚያሳክክ ነጭ ጠባሳ፣ ከብልት የሚወጣ እብጠት ነገር (የማህፀን መውረድ ሊሆን ይችላል)፣ ያለማቋረጥ የሚንጠባጠብ ሽንት፣ ትኩሳትና የጀርባ ሕመም ያለበት የሽንት ማቃጠል፣ እነዚህም ሐኪም ይፈልጋሉ።

የማህፀን በር ካንሰር ምርመራን በተመለከተ አንድ ነገር እወቁ። በካምፖች ውስጥ የተለመደው አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም አቼቶ መሰል ፈሳሽ፣ ቀብቶ በዓይን ማየት ነው። ካረጡ በኋላ ግን መታየት ያለበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ይህ ዘዴ አስተማማኝ አይደለም። ኤችፒቪ የሚባለውን ቫይረስ የሚፈልገው ምርመራ ይሻላል፤ ናሙናውን ሴቲቱ ራሷ መውሰድ ትችላለች። የኢትዮጵያ ፕሮግራም የሚያተኩረው ከ30 እስከ 49 ባሉት ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን አቅሙ ባለበት ከ50 እስከ 65 ያሉና ከዚህ በፊት ተመርምረው የማያውቁ ሴቶችም ቅድሚያ ያግኙ ብሏል። «ዕድሜዎ አልፏል» ከተባላችሁ ይህንን ንገሯቸው።

ምን እንጠይቅ?

ኬንያ ውስጥ ጊዜው የመጠየቂያ ጊዜ ነው። በማርች 2025 ይፋ የሆነው የሺሪካ ዕቅድ የካምፕ አገልግሎቶችን ቀስ በቀስ ከአገሪቱ አሠራር ጋር ያዋህዳል፤ ክሊኒኮቹም በዚያ ውስጥ ናቸው። አዲስ ዝርዝር ሲጻፍ ያልተባለ ነገር አይገባም። በስብሰባ ላይ የኛ ሰው ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ራሽንና ስለ ሪሴትልመንት ነው፤ ይገባኛል፣ ርቦናል። ግን አራት ነገር ብቻ እንጨምር። አንደኛ፣ በክሊኒክ መዝገብ ላይ ከ50 እስከ 59 ያሉ ሴቶች ለብቻቸው ይቆጠሩ። ሁለተኛ፣ በመድኃኒት ዝርዝሩ ላይ በብልት የሚደረግ ኤስትሮጅንና በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ይግቡ። ሦስተኛ፣ ፓድና ተጨማሪ ሳሙና ሽንት ለሚያመልጣቸው እናቶችም ይታደል። አራተኛ፣ ለሴቶች ሕመም ሴት አስተርጓሚ ትመደብ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ይሄ ነው የሚባል ገንዘብ አይጠይቁም።

ዳዳብ ያላችሁ፣ ደብረ ብርሃን በመጠለያ ያላችሁ ወገኖችም፣ የየክሊኒካችሁን በር አንኳኩና ይህንኑ ጠይቁ። አንዲት እናት ብቻዋን ስትጠይቅ ሐሜት ይሆናል፤ አሥር ሆነው ሲሄዱ ሪፖርት ይሆናል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እናቶቻችን የደበቁት ወደው አይደለም፤ የሚጠይቃቸው ስላጡ ነው። በኛ ሰፈር ዘወትር ሐሙስ ከንባብ ክፍል በኋላ ለሴቶች ብቻ ግማሽ ሰዓት ይዘናል፤ ጥያቄ በወረቀት ተጽፎ ያለ ስም ይገባል፣ መልሱን ከነርስ ጠይቄ አመጣለሁ። እስካሁን በጣም የተደጋገመው ጥያቄ «የኔ ብቻ ነው ወይስ የሌላውም?» የሚል ነው። መልሱ፦ የሌላውም ነው፤ ካረጡ ሴቶች ግማሽ ያህሉ ያውቁታል።